ብርድ ልብሱ ዕዳውን አይሸፍንም

ስጦታ ሌላ ነው፤ ዕዳ ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው፣ ገንዘብ ያበደረውን ጎረቤቱን በዒድ ቀን ምሳ ጋብዞ ሲያበቃ «እንግዲህ ሒሳባችንን ዘጋን» እንደሚል ባለዕዳ ነው። ምሳው ጥሩ ምሳ ሊሆን ይችላል። ጋባዡም ከልቡ ጋብዞ ይሆናል። ብሩ ግን አልተከፈለም። አበዳሪው አፍሮ ዝም ቢል እንኳ ዕዳው ከባለዕዳው አንገት አይወርድም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያነሣሁት ስለ ብርድ ልብስ ለመጻፍ ነው። በአሜሪካና በካናዳ፣ በጦርነት ለቆሰሉና ለታመሙ ወታደሮች ያለ ክፍያ ብርድ ልብስ እየሰፉ የሚያለብሱ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ይሁንና በዚህ ሥራ ዙሪያ ሁለት ዓይነት ሰዎች ሲሳሳቱ ይታያሉ። አንደኛው ሥራውን የሚያቃልል፣ «በሙስሊም አገር ላይ የዘመቱ አይደሉምን? ለእኛ ምናችን ናቸው?» የሚል ነው፤ ይህ ከእኛው መካከል የሚገኝ ነው። ሁለተኛው ሥራውን እያመሰገነ ከጀርባው የሚደበቅ፣ ብርድ ልብሱ ሲሰጥ አጨብጭቦ የራሱን ዕዳ የሚረሳ ነው፤ ይህ ደግሞ በየአገሩ ይገኛል። ለሁለቱም መልስ መስጠት ይገባል።

ሥራው ምን እንደሆነ

አሜሪካውያን «ኩዊልት» የሚሉት ብርድ ልብስ በሦስት ድርብ ይሠራል። ከላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው የጥጥ ጨርቆች በልክ እየተቆረጡና ጎን ለጎን እየተገጣጠሙ በኮከብ ወይም በአራት ማዕዘን ቅርጽ ይሰፋሉ። ከመካከል ሙቀት የሚይዝ ባዘቶ ይነጠፋል። ከሥር ገበር ይደረጋል። ከዚያም ሦስቱ ድርብ እንዳይንሸራተት ከዳር እስከ ዳር በስፌት ይያያዛል፤ በመጨረሻም ጠርዙ ይቀመቀማል። በእኛ አገር ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሲደረት «ድሪቶ» ይባላል፤ ድሪቶም የድህነት ምልክት ነው። የእነርሱ ግን ከአዲስ ጨርቅ፣ ታስቦና ተለክቶ የሚሰፋ ነው፤ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል ሆኖ አንድን ሰው ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። አንዱን ለመጨረስ ብዙ ምሽት ይፈጃል።

እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ኢራቅን ስትወር፣ በዴላዌር ክፍለ ግዛት በሲፎርድ ከተማ የሚኖሩ ወ/ሮ ካትሪን ሮበርትስ የተባሉ እናት ልጃቸው ወደ ኢራቅ ዘመተባቸው። እናት ናቸውና ሐሳብ ያዛቸው። አንድ ወጣት በሌሊት ከአልጋው ጠርዝ ላይ ጎብጦ፣ ተስፋ ቆርጦ ተቀምጦ እንደ ሕልም ታያቸው፤ ቀጥሎም ያው ወጣት ኩዊልት ተከናንቦ፣ ተስፋው ተመልሶ ታያቸው። ከዚህ ተነሥተው «ኩዊልትስ ኦፍ ቫለር»፣ ማለትም «የጀግንነት ኩዊልቶች» የተባለውን ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያው ብርድ ልብስ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ በዋሽንግተን በነበረው ዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል፣ ኢራቅ ውስጥ እግሩን ላጣ አንድ ወጣት ወታደር ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ከ300,000 በላይ ተሰፍቶ ተሰጥቷል። በካናዳም እ.ኤ.አ. በ2006 በኤድመንተን ከተማ ተመሳሳይ ሥራ ተጀምሮ፣ ለቆሰሉትም በሕመም ለወደቁትም የአገሪቱ ወታደሮች ይሰጣል።

አሠራሩ የጀማዓ ሥራ ነው። አንዷ የላዩን ትገጣጥማለች፤ ሌላዋ ትልቅ የስፌት መኪና ያላት ሦስቱን ድርብ ታያይዛለች፤ ሌላዋ ጠርዙን ትቀመቅማለች። ጨርቁን አብዛኛውን ጊዜ ከኪሳቸው ይገዛሉ። ከብርድ ልብሱ ጀርባ የተቀባዩ ስም፣ የሰፊዎቹ ስም፣ ቦታውና ቀኑ የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ይሰፋበታል። ሲሰጥም በእጅ አቀብሎ መሄድ የለም፤ ትከሻው ላይ ያለብሱታል፣ ያመሰግኑታል። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ ዛሬ ወጣቶች አይደሉም። ጦርነቱ ካበቃ ከ1975 ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያስቆጠሩ፣ ከቬትናም ሲመለሱ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚላቸው ያላገኙ አረጋውያን ናቸው።

«ጨርቅ ምን ያደርጋል?»

አንዳንዱ ይህን ሰምቶ ይሥቃል። «እግሩ ለተቆረጠ ሰው ጨርቅ ምን ያደርግለታል? ብርድ ልብስ ከገበያ አይገኝምን?» ይላል።

እውነት ነው፣ ጨርቅ እግር አይመልስም። ይህን ሰፊዎቹም ያውቃሉ። ግን ፌዘኛው ያልተረዳው ነገር አለ። መንግሥት ለቁስለኛ ጡረታ ሊቆርጥለት፣ መድኃኒት ሊገዛለት፣ ሰው ሠራሽ እግር ሊያስገጥምለት ይችላል። ይህንንም ማድረግ አለበት። አንዲት የማታውቀው ሴት ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ስለ እርሱ እያሰበች የተቀመጠችበትን ሌሊት ግን ሊሰጠው አይችልም። ያ ከገበያ አይገዛም፤ በበጀት አይያዝም። ቁስለኛ ከሚያጣው ነገር ሁሉ የሚከፋው መረሳት ነው። ስሙ የተሰፋበት ብርድ ልብስ «አልተረሳህም» ይለዋል።

ጨርቅ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለሚጠይቅ አንድ የታሪክ ምስክር ላቅርብ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፓን ሲንጋፖርን ስትይዝ፣ ሴቶችና ሕፃናት በቻንጊ እስር ቤት ታጎሩ። ባሎቻቸው በሌላ ወገን ታስረዋል፤ ይሙቱ ይኑሩ የሚታወቅ ነገር የለም። ኤቴል ማልቫኒ የተባሉ ካናዳዊት እስረኛ አንድ ዘዴ ዘየዱ። ለየአንዳንዷ ሴት የስንዝር ያህል አራት ማዕዘን ጨርቅ ሰጥተው፣ ከራሷ ሕይወት አንድ ነገር ከስሟ ጋር እንድትጠልፍበት አደረጉ። ቁራጮቹ 66 66 እየሆኑ ተገጣጥመው ብርድ ልብስ ሆኑ፤ በሆስፒታል ለተኙ ቁስለኛ ወታደሮችም ተላኩ። ቁስለኛው የሚለብሰው አገኘ፤ ባልም ስሟን ሲያይ ሚስቱ በሕይወት እንዳለች ዐወቀ። ደብዳቤ በተከለከለበት ቦታ መርፌና ክር ደብዳቤ ሆኑ። ከእነዚያ ብርድ ልብሶች ሁለቱ ዛሬም በካንቤራ የአውስትራሊያ የጦር መታሰቢያ ተጠብቀው ይገኛሉ። እንግዲህ ጨርቅ ይህን ያህል ይሠራል።

«ወራሪዎች አይደሉምን?»

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ በፌዝም የሚታለፍ አይደለም። «እነዚህ ወታደሮች ኢራቅንና አፍጋኒስታንን የረገጡ ናቸው። ለኢራቅ ጦርነት ምክንያት ነው የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አልተገኘም። ቤቱ የፈረሰበት፣ ልጁ የተቆረጠችበት የፋሉጃ ሰው ብርድ ልብስ ሳይለብስ፣ ለወራሪው ብርድ ልብስ የምትሰፋን ሴት ልናመሰግን ነውን?» ይላሉ።

ስለ ጦርነቱ የተባለውን አልክድም። ያ ጦርነት በሐሰት ምክንያት የተከፈተ ጦርነት ነበር፤ ብርድ ልብስ ሰፍቶ ማልበስም ያን ጦርነት ትክክል አያደርገውም። ነገር ግን ጦርነቱን የወሰነው የ20 ዓመቱ ወጣት አይደለም። ወሳኞቹ አልቆሰሉም፤ ከቢሮአቸው ወጥተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከ30,000 በላይ አሜሪካውያን በኢራቅ ቆሰሉ፤ ከውሳኔው ጠረጴዛ ዙሪያ ከነበሩት ግን ከእነዚህ መካከል አንድም የለም። ስለዚህ ቁስለኛን መርዳት ጦርነትን መባረክ ነው የሚለው ክስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል።

ከዚህም በላይ እኛ ሙስሊሞች ይህን ክስ ለማንሣት የመጨረሻዎቹ መሆን ነበረብን። ቁርኣን ምግብ ለሚያበሉ ሰዎች ምስጋና ሲያቀርብ ከድኻውና ከየቲሙ ጋር ምርኮኛውንም ቆጥሯል። ምርኮኛ ማለት ትናንት ሰይፍ ይዞ የመጣብህ ሰው ነው። ከበድር ዘመቻ በኋላ በሙስሊሞች እጅ ከወደቁት ምርኮኞች አንዱ የሙስዓብ ኢብኑ ዑመይር ወንድም አቡ ዐዚዝ ነበር። አንሷሮች ቀርበው ሲበሉ ዳቦውን ለእርሱ እየሰጡ እነርሱ ተምር ይበሉ እንደነበር፣ እርሱም ይህን እያየ ያፍር እንደነበር በሲራ መጻሕፍት ተተርኳል። አንሷሮች እንዲህ ሲያደርጉ የቁረይሽን ዘመቻ እየባረኩ ነበርን? አልነበረም። ወድቆ በእጃቸው የገባውን ሰው እያበሉ ነበር።

ወደ ቻንጊም እንመለስ። በዚያ እስር ቤት ከተሰፉት ሦስት ብርድ ልብሶች አንዱ ለእንግሊዝ ቁስለኞች፣ አንዱ ለአውስትራሊያ ቁስለኞች ነበር። ሦስተኛውስ? ለጃፓን ቁስለኞች ነበር። አዎን፣ ላሰሯቸው ሰዎች። በእርግጥ የጃፓኑ ብርድ ልብስ ሌሎቹ ሁለቱ እንዲያልፉ የእስር ቤቱን አዛዥ ልብ ለማራራትም የታሰበ ነበር። ቢሆንም መርፌው ያው መርፌ ነው፤ ጣታቸውም ያው በረኃብ የቀጠነ ጣት ነው። የእነዚህን እስረኞች ያህል ልብ አላገኘንምን?

«የኢራቅ ቁስለኛስ ማን አለበሰው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እኛኑ ያሳፍራል። አሜሪካዊቷ ሴት የራሷን አገር ልጅ አለበሰች። የኢራቁን ልጅ ማልበስ የማን ድርሻ ነበር? በየአገሩ ተቀምጠን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ዜና እየሰማን «አላህ ይድረስላቸው» ካልነው ውስጥ ስንቶቻችን አንድ ጨርቅ ቆርጠን አንድ ስፌት ሰፋን? ስንቶቻችን ለአንድ ቁስለኛ ስሙን ጠርተን አንድ ነገር ላክን? ራሱ ያልሰፋ ሰው «ለምን ለእርሱ ሰፋሽ?» ብሎ የመጠየቅ ፊት የለውም። ነቀፌታ ቀላል ሶደቃ መስሎ የሚታየው ሰው ብዙ ነው፤ ነቀፌታ ግን ማንንም አያሞቅም።

ዕዳው

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው ልመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ተጠያቂ እርሱ ነው። እርሱ አይሥቅም፤ ያጨበጭባል። ብርድ ልብስ ሲሰጥ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ «ሕዝባችን ወታደሮቹን ይወዳል» ይላል። ከዚያ ወደ ቢሮው ተመልሶ የዚያኑ ወታደር ማመልከቻ ከመዝገብ ሥር ያስቀምጣል።

የመጀመሪያው ብርድ ልብስ የተሰጠው በ2003 በዋልተር ሪድ ሆስፒታል ነው ብያለሁ። አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በየካቲት 2007፣ «ዋሽንግተን ፖስት» የተባለው ጋዜጣ ስለዚያው ሆስፒታል የጻፈው ዜና አገሩን አነጋገረ። ከአልጋ ተነሥተው ሕክምናቸውን በተመላላሽነት የሚከታተሉ ቁስለኞች «ሕንፃ 18» በተባለ ቤት ውስጥ ሻጋታ በያዘ ግድግዳ፣ በአይጥና በበረሮ መካከል ይኖሩ ነበር። ጭንቅላታቸው የተጎዳ ወጣቶች ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ወረቀት ተሸክመው ሲንከራተቱ ወራት ያልፉ ነበር። የሆስፒታሉ አዛዥ ተነሡ፤ የጦር ሠራዊቱ ሚኒስትርም በመጋቢት 2007 ሥራቸውን ለቀቁ። እንግዲህ አስቡት፦ በሩቅ ከተማ ያለች እናት ጥጥ እየለካች ስትሰፋለት፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሹም ግን ሻጋታውን አላስጠረገለትም። ቁስለኛው አዲስ ብርድ ልብስ ቢለብስ ግድግዳው ያው ሻጋታ ነው።

ይህ የአንድ ሕንፃ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አላነሣውም ነበር። በ2014 በአሪዞና በፊኒክስ ከተማ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል፣ ሐኪም ለማየት የሚጠብቁ ሰዎች ስም በድብቅ መዝገብ ተይዞ ጥበቃቸው አጭር መስሎ ሲቀርብ እንደነበረ ተጋለጠ፤ በዚህ ምክንያት የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ሚኒስትሩ ከሥልጣናቸው ወረዱ።

የቬትናሙ ደግሞ ይባስ። የአሜሪካ ሠራዊት ከ1962 እስከ 1971 በቬትናም ጫካ ላይ «ኤጀንት ኦሬንጅ» የተባለውንና ሌሎችንም ቅጠል የሚያረግፉ መርዞች ይረጭ ነበር። መርዙ የቬትናምን ገበሬና ልጆቹን ጎዳ፤ የራሱንም ወታደሮች ጎዳ። እነዚህ ወታደሮች «የታመምነው ከዚያ መርዝ ነው» ብለው ለዓመታት ሲጮኹ ኖሩ። ሕመማቸው ከመርዙ የመጣ ነው ተብሎ እንዲታሰብላቸው የሚያደርገው ሕግ የወጣው በ1991 ነው። መርጨቱ ካቆመ 20 ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። በዚያ መካከል የሞተው ሞቷል።

ትምህርት ተወሰደን? አልተወሰደም። በኢራቅና በአፍጋኒስታን በነበሩ የጦር ሠፈሮች ፕላስቲኩም፣ ነዳጁም፣ የሆስፒታል ቆሻሻውም በአንድ ትልቅ ጉድጓድ እየተጣለ በላይ በላዩ ይቃጠል ነበር። ወታደሩ ያን ጭስ ሲምግ ከርሞ አገሩ ሲገባ ሳንባው ታመመ፤ ካንሰር ያዘው። «ጭሱ ነው ያሳመመኝ» ሲል «አስረዳ» ይባል ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ውድቅ ይደረግ ነበር። ሕጉ የወጣው ነሐሴ 10 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ነው። ያውም ሴኔቱ ሲያንገራግር፣ የታመሙ የቀድሞ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው በምክር ቤቱ ደረጃ ላይ በሙቀትና በዝናብ ውጭ እያደሩ ነው። ለእነዚህ ሰዎች በየከተማው ብርድ ልብስ ተሰፍቷል። ከደረጃው ላይ ያነሣቸው ግን ብርድ ልብሱ አልነበረም፤ ያነሣቸው ሐቃቸው በሕግ መጻፉ ነው።

እዚህ ላይ ሰፊዎቹን መክሰስ ግፍ ይሆናል። እነርሱ «መንግሥትን ተክተናል» አላሉም። ስጦታችን ነው አሉ፤ ሰጡ። ጥፋቱ ስጦታውን ለዕዳው መሸፈኛ ያደረገው ሰው ነው። ሰው ልኮ ያስቆሰለ ዕዳ አለበት። እግሩን ያጣው ወታደር የሚጠይቀው ቸርነት አይደለም፤ የተገባለትን ቃል ነው። ቸርነትና ቃል የተለያዩ ናቸው። ቸርነት ቢቀር የሚቀረው ምንዳው ነው፤ ቃል ቢቀር ግን በደል ነው።

ይህን በመድረሳ ፋራኢድ የተማረ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ሲሞት ከተወው ሀብት ላይ በመጀመሪያ የመቀበሪያው ወጪ ይነሣል፤ ቀጥሎ ዕዳው ይከፈላል፤ ኑዛዜው የሚፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው። ሟቹ ለመስጊድ፣ ለየቲም፣ ለድኻ የተናዘዘው ምንም ያህል መልካም ቢሆን ከዕዳው አይቀድምም። ለምን? መልካም ሥራ በሌላ ሰው ሐቅ ላይ ቆሞ አይሠራማ! የሟች ኑዛዜ እንዲህ ከሆነ፣ በሕይወት ያለ መንግሥትና በሕይወት ያለ ሕዝብ እንዴት ዕዳውን ትቶ በስጦታው ይመጻደቃል?

ድንኳኑና መዝገቡ

ሁለቱ ነገሮች፣ ስጦታውና ዕዳው፣ ጎን ለጎን እንዴት እንደሚሄዱ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከራሳችን ታሪክ ሁለት ነገር ላንሣ፤ አንዱ ድንኳን ነው፣ ሌላው መዝገብ ነው።

ድንኳኑ የሩፈይዳ (ረ.ዐ.) ነው። ሩፈይዳ ከአስለም ጎሣ የሆነች፣ ቁስለኞችን የምታክም ሴት ነበረች። በኸንደቅ ዘመቻ በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ክንዱን በቀስት ሲመታ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከቅርብ እንዲጠይቁት በመስጊዱ ውስጥ በተተከለው በእርሷ ድንኳን እንዲያርፍ አደረጉ። ሩፈይዳ ደመወዝ አልነበራትም፤ አጅሯን ከአላህ አስባ የምትሠራ ነበረች። የድንኳኑን ቦታ ልብ እንበል። ከከተማ ዳር፣ ሰው ከማያየው ስፍራ አልተተከለም። ሰው ሁሉ በቀን አምስት ጊዜ ከሚመጣበት ከመስጊዱ ነው የተተከለው። ቁስለኛ ከዓይን አልተሰወረም።

መዝገቡ የሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ነው። በእርሳቸው ኸሊፋነት ዘመን የዘማቾች ስም በዲዋን ተመዘገበ፤ ለየአንዳንዱም ከበይቱል ማል የተወሰነ ድርሻ ተቆረጠለት፤ ለሚስቶችና ለልጆችም እንዲሁ። ዘማቹ ድርሻውን የሚያገኘው አንድ ቸር ሰው ስላዘነለት አይደለም፤ ስሙ ስለተጻፈ ነው። ሹሙ ቢወደውም ቢጠላውም ድርሻው ድርሻው ነው።

ታዲያ ዑመር መዝገብ ስላዘጋጁ ስጦታን ተዉ? አልተዉም። በሌሊት ሲዘዋወሩ ልጆቿ በረኃብ የሚያለቅሱባትን ሴት አግኝተው፣ የዱቄቱን ጆንያ በገዛ ጀርባቸው ተሸክመው እንደወሰዱላት መድረሳ የገባ ሕፃን ሁሉ ሰምቶታል። ጆንያ ተሸክመዋልና መዝገቡን ዘጉ? አልዘጉም። ጆንያው መዝገቡን አልተካም፤ መዝገቡም ጆንያውን አልተካም። ድንኳን ያለ መዝገብ ቁስለኛውን ለማኝ ያደርገዋል። መዝገብ ያለ ድንኳን ደግሞ ቁስለኛውን ቁጥር ያደርገዋል። የዛሬዋ አሜሪካ ድንኳኑን የሚተክሉ ደግ ሴቶች አሏት፤ መዝገቡን የሚጠብቁ ሹሞቿ ግን ደጋግመው አንቀላፍተዋል።

ከደጃችን

«የሰው አገር ነገር አብዝተሃል» እንዳልባል ወደ ደጃችን ልምጣ። እኛም ዘማች የላክን፣ ቁስለኛ የተቀበልን ሕዝብ ነን። ከ1998 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል፣ ከ2020 እስከ 2022 ደግሞ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄዱት ጦርነቶች ስንት ቤት ልጁን ሰጠ! ከእነዚያ ልጆች በክራንች የሚሄደው፣ ዓይኑን ያጣው፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነቃው ከየሰፈራችን አለ። በጁምዓ ቀን ከመስጊድ ስንወጣ በር ላይ እናየዋለን። ሳንቲም ጣል አድርገን እናልፋለን፤ «ተወጥቻለሁ» ብለንም ወደ ቤታችን እንገባለን።

አልተወጣንም። ሳንቲሙ ብርድ ልብስ እንኳ አይደለም። ስሙን አልጠየቅነውም። ከማን ወገን ተሰልፎ እንደነበር ግን አንዳንዶቻችን ለመጠየቅ እንቸኩላለን። «የየትኛው ወገን ወታደር ነበር?» ብሎ ጠይቆ የሚያለብስ ሰው፣ የቻንጊ እስረኞች መርፌ ያለፈውን ድንበር አላለፈም።

እኛ ዘንድ የጎደለው እጅ አይደለም። ፈትል የሚፈትሉ እናቶች አሉን። ጋቢና ቡሉኮ የሚሠራ ሸማኔ አለን። አምስት ቤት በአንድነት ጥጥ ቢገዛ፣ እናቶች ቢፈትሉ፣ ልጆች ባዘቶውን ቢያዘጋጁ፣ በአንድ ክረምት አንድ ቁስለኛ ጋቢ ይለብሳል። ጋቢውን ሲያለብሱትም በር ላይ ወርውረው አይሂዱ፤ ቤቱ ሄደው፣ ስሙን ጠርተው፣ ከትከሻው ላይ ያድርጉለት። በኋላም «እኛ እኮ ያለበስንህ» እያሉ አያስታውሱት፤ በመመጻደቅ የተከተሉት ሶደቃ ከንቱ እንደሚቀር ሁላችንም ተምረናል።

ግን በጋቢው አናብቃ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት በየቤቱ አለ። የዚያን ቁስለኛ የሕክምና ወረቀትና የጡረታ ጥያቄ አንብቦ የሚያስረዳው፣ ማመልከቻ የሚጽፍለት፣ ወረፋ ይዞለት ቢሮ ድረስ አብሮት የሚሄድ አንድ ልጅ ከየሰፈሩ ይነሣ። ሹሙ «ነገ ና» ሲለው «ነገ ሁለት ሆነን እንመጣለን» የሚል ይኑረው። ይህ ሥራ ለዓይን አያምርም፤ ፎቶግራፍም አይነሣበትም። ግን ጋቢው የማይደርስበትን ቦታ ይደርሳል። ጋቢው ገላውን ይሸፍናል፤ ማመልከቻው ሐቁን ያስመልሳል።

ከመካከላችን ሥልጣን ያለው፣ ማኅተም የያዘ ሰው ካለ ደግሞ ለእርሱ የተለየ ቃል አለኝ። ወንድሜ ሆይ፣ አንተ ጋቢ እንድትሰጥ አልተጠየቅህም። ሌሎች ይሰጣሉ። አንተ የተጠየቅኸው ከጠረጴዛህ ላይ ያለውን ወረቀት እንድትፈርም ነው። የወንበርህ አማና እርሱ ነው። ሌላው ሰው በሰጠው ጋቢ ሥር ያንተ ዕዳ አይደበቅም፤ ነገ በአላህ ፊት ስትቆም የምትጠየቀው ስለ ጭብጨባህ አይደለም፣ ስለ ፊርማህ ነው።

እናቶች ሆይ፣ ስፉ፤ ፍተሉ። ወጣቶች ሆይ፣ ጻፉ፤ ተከታተሉ። ሹሞች ሆይ፣ ክፈሉ። ለየአንዳንዳችን የየራሳችን ድርሻ ተሰጥቶናል፤ የአንዱ ሥራ የሌላውን አይሽረውም።

አላህ ቁስለኞቻችንን ይማርልን፤ ያዘነውን ያጽናና፤ የሰውን ሐቅ ከበሉት ሳይሆን ከሚመልሱት ያድርገን። አሚን።